ትንፋሽ የሚያጥራት ሶፕራኖ

እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 1938፣ ለንደን። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በኮቨንት ጋርደን ኦፔራ ቤት የሪቻርድ ሽትራውስ «ሮዘንካቫሊየር» የመጀመሪያ ገቢር እየታየ ነው። ኦርኬስትራውን የሚመራው ኤሪክ ክላይበር ነው። መድረኩን የያዘችው ሎተ ሌማን ናት። ሃምሳ ዓመት ሞልቷታል፤ የምትጫወተውም ከማንኛዋም ዘፋኝ ይበልጥ የእሷ ነው የሚባልላትን ገጸ ባሕርይ፣ ማርሻሊንን ነው። የለንደን ተመልካች በዚህ ቦታ ማየት ከጀመራት ዐሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። የት ላይ ፈገግ እንደምትል፣ የት ላይ ፊቷን እንደምታዞር በቃሉ ያውቃል። ያን ማታ ግን ገቢሩ ሳያልቅ ድምጿ ተቋረጠ። መቀጠል እንደማትችል ተናግራ ከመድረኩ ወጣች።

ትርኢቱን ያተረፈችው ሌላ ሶፕራኖ ናት። ሂልደ ኮኔትስኒ ከተመልካቹ መሀል ተቀምጣ ነበር። ከወንበሯ ተነሥታ፣ ልብስ ቀይራ፣ የቀረውን እስከ መጨረሻው ተጫወተችው። የኦፔራ ዓለም እንዲህ ነው፤ ገጸ ባሕርይውን የሚያውቅ ሰው እስካለ ድረስ መጋረጃው መልሶ ይከፈታል።

የሌማን ጉሮሮ አልታመመም። ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ የሂትለር ጦር ኦስትሪያ ገብቷል። ከሃያ ዓመት በላይ የኖረችባት ቪየና ከእጇ ወጥታለች። ባለቤቷ ኦቶ ክራውዘ በሳንባ ነቀርሳ እየማቀቀ ነው። ከቀድሞ ትዳሩ የወለዳቸው አራት ልጆች እናታቸው አይሁዳዊት ናት፤ በናዚ ሕግ ሥር ይህ ምን እንደሚያመጣባቸው ማንም ያውቃል። ቫዮሊን ያዘነ ሰው ቢይዘውም ያው ቫዮሊን ነው። የዘፋኝ መሣሪያ ግን ያዘነው ሰው ራሱ ነው።

የሚገርመው ከአምስት ዓመት በፊት ይህችው ሴት ከዚህ የባሰ ቀን አሳልፋ ነበር። በ1933 ኦክቶበር 21 ቀን የሽትራውስ «አራቤላ» ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ የዋናዋን ሴት ቦታ የያዘችው ሌማን ናት። በዚያው ዕለት እናቷ ሞቱ። ሄዳ ዘፈነች፤ ጨረሰችም። ሰው የትኛውን ሐዘን ዘፍኖ እንደሚያልፈው፣ የትኛው ደግሞ አንገቱን አንቆ እንደሚይዘው አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ሌማንም አላወቀችም።

*

ሶፕራኖ ከሴት ድምፆች ሁሉ ከፍተኛው ነው። በኦፔራ ቤት ማይክሮፎን የለም። ሰማንያ፣ አንዳንዴም መቶ የሚደርስ ሙዚቀኛ ከመድረኩ ሥር ባለው ጉድጓድ ተቀምጦ ሲጫወት፣ አንዲት ሴት ድምጿን በዚያ ሁሉ ነሐስና ክር ላይ አሳልፋ እስከ ላይኛው ሰገነት ድረስ ማሰማት አለባት። ይህ በጩኸት አይሆንም፤ የጮኸ ዘፋኝ በሁለተኛው ገቢር ድምፁ ይዘጋል። የሚሆነው በትንፋሽ ነው። አየሩ ወደ ታች ይሳባል፣ የጎን አጥንቶቹ ተከፍተው ይቆያሉ፣ ከዚያ አየሩ በጥቂት በጥቂቱ፣ እየተቆጠበ ይወጣል። በጣልያን ትምህርት የተሞረደች ሶፕራኖ አንድ ረጅም የዜማ ሐረግ ጀምራ ሳትተነፍስ ትዘልቀዋለች፤ አድማጭም መተንፈሷን ይረሳዋል።

ሌማን የጎደላት ይኸው ነው። በሐረጉ መሀል ትተነፍሳለች። አንዳንዴ ማንም መምህር በማይፈቅደው ቦታ ላይ፣ በሚሰማ ድምፅ፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ እያለ። ሃያሲዎች ይህን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጽፈውባታል፤ ሸክላዎቿም ይመሰክራሉ። በከፍተኛዎቹ ቃናዎችም ቢሆን ከእሷ የተሻሉ ብዙዎች ነበሩ። በ1935 ዛልስቡርግ ላይ የቤትሆቨንን «ፊደሊዮ» ስትጫወት፣ በኖታ ታማኝነት ስሙ የገነነው አርቱሮ ቶስካኒኒ ከባዱን የሊዮኖራ ዘፈን ግማሽ ቃና አውርዶ እንድትዘፍነው ፈቀደላት። ቶስካኒኒ ለሌላ ሰው ይህን ያደርግ ነበር ብሎ ማሰብ ይቸግራል። በመካከላቸው የነበረውን የፍቅር ግንኙነት ያስታወሰ ምክንያቱን እዚያ ይፈልግ ይሆናል፤ ከዛልስቡርግ የቀረውን የተቆራረጠ የ«ፊደሊዮ» ቅጂ የሰማ ግን ሌላ ምክንያት ያገኛል።

ምክንያቱ ቃሉ ነው። ሌማን ስትዘፍን ዜማ ቃልን አይሸከምም፤ ቃሉ ዜማውን ይወልደዋል። የምትተነፍሰውም ሰው በሚተነፍስበት ቦታ ነው፦ ሲደነግጥ፣ ሲፈራ፣ ሊናገር ያሰበውን ሲውጥ። ጉድለቷን ወደ ጥበብ ለወጠችው ብል ነገሩን አሳምረዋለሁ። ጉድለቱ እስከ መጨረሻው ጉድለት ሆኖ ቀርቷል። ግን የሚሰማት ሰው ጉድለቱን እያወቀ ይቅር ይላታል፤ ሥነ ሥርዓቱን አሟልተው የሚዘፍኑ ብዙዎች ያላገኙትን ይቅርታ።

*

የተወለደችው በ1888 ፌብሩዋሪ 27 ቀን በበርሊንና በሃምቡርግ መካከል ባለችው ፔርሌበርግ በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። አባቷ ተራ የቢሮ ሠራተኛ ነበር፤ ለልጁ የሚመኝላትም ጡረታ ያለው ሥራ ነው። ቤተሰቡ ወደ በርሊን ሲዛወር ጎረቤት ስትዘምር የሰማት፣ ቤተ ዘመድ የመከረባት፣ በመጨረሻም ንጉሣዊው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባች ልጅ ሆነች። ከዚያ ኤተልካ ጌርስተር የተባለችው ዝነኛ ሶፕራኖ ወደምታስተዳድረው ትምህርት ቤት ተሻገረች። እዚያ ያበላሿት ይሁን ወይስ እሷ የሚሏትን መሥራት አቅቷት፣ ድምጿ በየሳምንቱ እየጠበበ ሄደ። በመጨረሻ ተስፋ የላትም ተብላ ተሰናበተች። አባትየው ያሰበው ሁሉ ልክ የወጣ ይመስል ነበር።

ያዳናት አንድ ባላባትና አንዲት አሮጊት ናቸው። ባላባቱ ባሮን ኮንራድ ፑትሊትስ የትምህርት ወጪዋን ሸፈነ። አሮጊቷ ማቲልደ ማሊንገር ናት፤ በ1868 የቫግነር «ማይስተርዚንገር» ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ኤፋን ሆና የተጫወተችው ራሷ። ማሊንገር ልጅቷን ከሕግጋቱ ፈትታ አዘፈነቻት። በ1910 ሌማን በሃምቡርግ ኦፔራ ተቀጠረች፤ የመጀመሪያ ሥራዋም በሞዛርት «የአስማት ዋሽንት» ውስጥ ከሦስቱ ብላቴኖች አንዱን መሆን ነው። ከዚያ ወዲህ ለሁለት ዓመት ያህል የደጅ ጠባቂ፣ የገረድ፣ የእረኛ ልጅ እየሆነች ቆየች። ጀማሪ ዘፋኝ በጀርመን ኦፔራ ቤቶች የሚያልፍበት መንገድ ይኸው ነው፤ በሳምንት ብዙ ምሽት፣ በትንሽ ደመወዝ።

ተራዋ የመጣው በ1912 ኖቬምበር ወር ነው። በቫግነር «ሎሄንግሪን» ውስጥ ኤልዛን የምትጫወት ጠፋች። የኦርኬስትራው መሪ ኦቶ ክሌምፐረር የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት፣ ረጅም፣ ቁጡ፣ ልምምድ ላይ ሰው የሚያስለቅስ ነበር። ሌማንን ከፒያኖ አጠገብ አቁሞ አንገላታት፤ በትርኢቱ ምሽት እንኳን ከታች ሆኖ እየተቆጣ መራት። በማግስቱ ሃምቡርግ ስሟን ታውቀው ነበር።

(እግረ መንገድ፦ ከዚያ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ክሌምፐረር ያንኑ «ሎሄንግሪን» እየመራ ሳለ አንድ ሰው ከፊት ወንበር ተነሥቶ በአለንጋ ገረፈው። ሰውየው የኤሊዛቤት ሹማን ባል ነው፤ ሹማን የሌማን ጓደኛና የሥራ ባልደረባ፣ ከክሌምፐረር ጋር ፍቅር ይዟት የኮበለለች ሶፕራኖ። ክሌምፐረር ከተማውን ለቅቆ ሄደ። የሹማንን ስም ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።)

*

ቪየና በ1916 ወሰደቻት። የንጉሠ ነገሥቱ ኦፔራ በዚያን ጊዜ የማሪያ የሪትሳ መንግሥት ነበር፤ ወርቃማ ፀጉር፣ ግርማ ሞገስ፣ መድረክ ላይ በሆዷ ተኝታ የምትዘፍን ሴት። ከጀርመን ሰሜን የመጣች፣ አለባበስ የማያምርባት፣ የቪየናን አነጋገር የማትችል ሴት ከእሷ ጎን ምን ትሠራለች? ዕድል አገኛት። ሽትራውስ «አሪያድነ አውፍ ናክሶስ»ን ከልሶ አዲስ መቅድም ጨምሮበታል፤ በመቅድሙ ውስጥ ደግሞ አንድ ለጋ፣ ግልፍተኛ የሙዚቃ ደራሲ አለ፤ የወንድ ልጅ ገጸ ባሕርይ፣ በሴት ድምፅ የሚዘፈን። ቦታው የተሰጠው ለሌላ ነባር ዘፋኝ ነበር። ያቺ ታምማ ልምምድ ስትቀር ሌማን ተተካች። ሽትራውስ ሰማት፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው አልፈልግም አለ። ኦክቶበር 4 ቀን በፍራንስ ሻልክ መሪነት ሲታይ የምሽቱ ወሬ አሪያድነን የተጫወተችው የሪትሳ ብቻ አልነበረችም።

ከዚያ በኋላ ሽትራውስና ሌማን አልተላቀቁም። በ1919 «ጥላ የሌላት ሴት» ሲመረቅ የሪትሳ እቴጌዋን፣ ሌማን የማቅለሚያ ሠራተኛውን ሚስት ሆኑ። ሁለቱን ባላንጣዎች በአንድ መድረክ ላይ ያቆመው ሰው የሰው ልብ ያውቃል። በ1924 ድሬስደን ላይ የተመረቀው «ኢንተርሜትሶ» ደግሞ የሽትራውስን የገዛ ትዳር ይተርካል፤ ሌማን የሚስቱን የፓውሊነን ቦታ ያዘች። አፏ ስለታም፣ ቁጣዋ ድንገተኛ የነበረችውን ሴት ሚስትየዋ እያየች መጫወት ቀላል ሥራ አይመስለኝም።

ሽትራውስ ብቻ አይደለም። ፑቺኒ «እህት አንጀሊካ»ን ስትዘፍን ቪየና ላይ ሰምቶ አድንቋታል። በ1927 ቤትሆቨን የሞተበት መቶኛ ዓመት ሲታሰብ ሊዮኖራን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተች፤ ባሏን ከእስር ቤት ለማውጣት እንደ ወንድ ለብሳ ዘብ የምትሆነውን ሴት። ከቪየና ሰዎች ይህ ምሽት የእሷ ትልቁ ምሽት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ማርሻሊን ላይ ነው የምቆመው።

*

«ሮዘንካቫሊየር» በ1911 ድሬስደን ላይ የተመረቀ ኦፔራ ነው፤ ጽሑፉ የሁጎ ፎን ሆፍማንስታል። ታሪኩ በእቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ዘመን ቪየና ውስጥ ይሆናል። ማርሻሊን የፊልድ ማርሻል ሚስት ናት። ባሏ አደን ሄዷል፤ እሷ ኦክታቪያን ከተባለ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጋር አድራለች። ልጁን የምትጫወተው ሴት ናት፤ ይህም የኦፔራ ጥንታዊ ልማድ ነው። ታሪኩ ሲያልቅ ኦክታቪያን ሶፊ የምትባል እኩያውን ወድዷል፤ ማርሻሊን ልጁን ለልጅቱ ትታ ትወጣለች።

ሌማን ሦስቱንም ሴት ድምፆች ተጫውታቸዋለች። መጀመሪያ ሶፊን፣ ቀጥሎ ኦክታቪያንን፣ በመጨረሻ በ1924 ኮቨንት ጋርደን ላይ በብሩኖ ቫልተር መሪነት ማርሻሊንን። እንዲህ በአንድ ታሪክ ውስጥ ከልጅቷ ተነሥቶ ወደ ወጣቱ፣ ከወጣቱ ወደምትተወው ሴት መሸጋገር ለማንኛውም ተዋናይ ትምህርት ነው፤ ማርሻሊን ሆና ስትቆም ኦክታቪያን ሊናገር ያሰበውን ከመናገሩ በፊት ታውቀዋለች።

የመጀመሪያው ገቢር መጨረሻ አካባቢ አንድ ቅጽበት አለ። ማለዳ ነው፤ ፀጉር ሠሪው ማርሻሊንን ሲያስጌጥ ቆይቷል፤ ክፍሉ በለማኝ፣ በነጋዴ፣ በጠበቃ፣ በዘፋኝ ተሞልቷል። መስታወቱን አየች። ፀጉር ሠሪው ዛሬ አሮጊት እንዳስመሰላት ነገረችው። ሽትራውስ ራሱ ይህች ሴት ከሠላሳ ሁለት ዓመት እንደማትበልጥ ነው የሚናገረው፤ ስለዚህ ነገሩ ዕድሜ አይደለም። ብዙ ዘፋኞች እዚህ ቦታ ላይ ያዝናሉ፤ ድምፃቸውን ያጠቁራሉ። ሌማን በ1933 ሸክላ ላይ የምታደርገው ከዚህ የተለየ ነው። ቃሉን እንደ ቀልድ ትጀምረዋለች፤ ከዚያ ራሷ የተናገረችውን ራሷ ሰምታ ትደነግጣለች። ድንጋጤው በድምጿ መጠን ውስጥ አይደለም፤ ከሚቀጥለው ቃል በፊት በምትወስደው አጭር ትንፋሽ ውስጥ ነው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሌሊት ተነሥታ በቤቱ ያሉትን ሰዓቶች ሁሉ እንደምታስቆም ለኦክታቪያን ትነግረዋለች። ሙዚቃው እዚያ ጋ በጣም ይሳሳል፤ ከበገናና እንደ ደወል ከሚያቃጭል ሌላ መሣሪያ የሚወጣ የሰዓት ምት ብቻ ይቀራል። ሌማን ይህን የምትዘፍነው ምሥጢር እንደምታወጣ ሴት አይደለም፤ ስለ ቤት ሥራ እንደምታወራ ሴት ነው። እንዲያውም በዚህ ምክንያት ነው የሚያስፈራው።

*

ይህን ሁሉ ዛሬ መስማት የምንችለው ሸክላ ስለቀረ ነው። የመጀመሪያ ሸክላዎቿ በ1914 የተቀዱ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ኤሌክትሪክ ማይክሮፎን አልነበረም። ዘፋኙ በአንድ ትልቅ ቀንድ ፊት ይቆማል፤ የድምፁ ኃይል ራሱ መርፌውን አንቀጥቅጦ ሰሙን ይቀርፃል። ከፍ ያለ ቃና ሲመጣ ወደ ኋላ ማፈግፈግ፣ ዝቅ ያለ ሲመጣ ራስን ቀንዱ ውስጥ መክተት ያስፈልጋል። ትንንሽ ነገሮች፣ ማለትም ሌማንን ሌማን የሚያደርጓት ነገሮች፣ በሰሙ ላይ አይያዙም። ማይክሮፎን በ1920ዎቹ አጋማሽ ሲመጣ ብዙ ዘፋኞች ድምፃቸው ሲራቆት አዩ፤ እሷ ግን አተረፈች።

በ1930 ቺካጎ ላይ፣ በ1934 ጃኑዋሪ ደግሞ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ፣ ሁለቱንም ጊዜ ዚግሊንደን በቫግነር «ቫልኪሪ» ውስጥ ሆና አሜሪካን ተዋወቀች። ያው 1934 ነው የሕይወቷን አስቸጋሪ ምዕራፍ ያመጣው።

ኤፕሪል ወር ላይ ድሬስደን ኮንሰርት ነበራት። የፕሩሲያ ጠቅላይ ሚኒስትርና የበርሊን መንግሥት ኦፔራ የበላይ ሄርማን ጎሪንግ አውሮፕላን ልኮ አስጠራት። ከብዙ ዓመት በኋላ ራሷ በጻፈችው መሠረት ጎሪንግ ከፍ ያለ ደመወዝ፣ መኖሪያ ቪላ፣ የምትጋልበው ፈረስ ሁሉ ሊሰጣት ቃል ገባ፤ ቅድመ ሁኔታው ከጀርመን ውጭ እንዳትዘፍን ነው። በታሪኩ ውስጥ የሚኒስትሩ የቤት አንበሳም አለች። ሌማን እምቢ አለች፤ ጀርመንም ተዘጋባት። እንደ ኦፔራ ግሩም ገቢር ነው፤ ለአሜሪካ አንባቢ ደግሞ ይበልጥ ግሩም።

በ2008 የታተመው የታሪክ ተመራማሪው የማይክል ኬተር የሕይወት ታሪኳ መጽሐፍ ግን ደብዳቤዎቹን አገላብጦ ሌላ ነገር ይላል። በኬተር ንባብ ሌማን ውሉን ፈልጋዋለች፤ ተደራድራለች፤ ነገሩ የፈረሰው የተባለላት ሁሉ በወረቀት ላይ ሲሰፍር እያነሰ ስለመጣ ነው። እምቢታውን ስለ ነፃነት ያደረገው ትረካ የተጨመረው በኋላ ነው።

እኔ ደብዳቤዎቹን አምናለሁ። በመድረክ ላይ አንዲት የውሸት ቃል የማይወጣት ሴት በማስታወሻዋ ውስጥ ራሷን ስታሳምር ማየት ደስ አይልም። ግን ይህን ይዞ ሌላውን መጣል አይገባም። አይሁዳዊት አልነበረችም፤ ዝም ብላ ለጥቂት ዓመት ብትታገሥ የበርሊን በር እንደገና ሊከፈትላት ይችል ነበር፤ ከባልደረቦቿ ብዙዎች የሄዱበት መንገድ ነው። እሷ በ1934 በገንዘብ ተጨቃጨቀች፤ በ1938 ግን አገሯን፣ ቤቷን፣ ኦፔራ ቤቷን ትታ ወጣች፤ የእንጀራ ልጆቿንም ይዛ። ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ማየት ካልቻልን ታሪክ ለምን እናነባለን?

በነገራችን ላይ ከመውጣቷ በፊት በዛልስቡርግ አቅራቢያ አይገን ውስጥ አንድ ቤተሰብ በቅጥር ግቢው ሲዘምር ሰምታ በፌስቲቫሉ የመዝሙር ውድድር እንዲገቡ የገፋፋቻቸው እሷ ናት። በ1936 ነው። የቤተሰቡ ስም ትራፕ ነው፤ «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» የተባለውን ፊልም ያየ የቀረውን ያውቃል።

*

ክራውዘ በ1939 ጃኑዋሪ አሜሪካ ውስጥ አረፈ። ሌማን ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ ላይ ከፍራንሲስ ሆልደን ጋር ቤት መሠረተች፤ ሆልደን የሥነ ልቦና ምሁር፣ እስከ መጨረሻ ያልተለየቻት ወዳጅ ናት። በ1945 የአሜሪካ ዜግነት አገኘች። ኦፔራውን ቀስ እያለች እየተወች በጀርመን ግጥም ላይ የተቀነባበሩ የፒያኖና የድምፅ ዘፈኖችን፣ ሊድ የሚባሉትን፣ ያዘች። እዚያ ኦርኬስትራ የለም፣ ልብስ የለም፣ አንድ ፒያኖ፣ አንድ ሰውና ቃሉ። ለእሷ የተፈጠረ ነው። በወንድ አንደበት የተጻፉትን የሹበርትን «የክረምት ጉዞ» ሃያ አራት ዘፈኖች ሳይቀር በሸክላ አስቀዳች፤ ያኔ ሴት እምብዛም የምትደፍረው ነገር አልነበረም።

በ1951 ፌብሩዋሪ 16 ቀን በኒው ዮርክ ታውን ሆል የተለመደ የዘፈን ምሽት ነበራት። ወደ መሀል ላይ ለአድማጮቿ ንግግር አደረገች፤ ይህ የመሰናበቻዋ መሆኑን ነገረቻቸው። አዳራሹ አይሆንም ብሎ ጮኸ። እንደምትቃወሙ ተስፋ አድርጌ ነበር ስትላቸው ሳቁ። ማርሻሊን መስታወቷን አይታ ጊዜው ደርሷል እንዳለች፣ እሷም የራሷን መስታወት ማየቷን ነገረቻቸው። ምሽቱ ተቀድቷል፤ ጩኸቱ፣ ሳቁ፣ የእሷ የጀርመን ቅላጼ ያለው እንግሊዝኛ ሁሉ አለ። በመጨረሻ ለሙዚቃ ራሱ ምስጋና የሚያቀርበውን የሹበርትን ዘፈን ጀመረች። መጨረሻው ስንኝ ላይ ሲደርስ ድምጿ አልወጣም። ፒያኖ የሚጫወተው ፓውል ኡላኖቭስኪ ብቻውን ጨረሰው።

*

ከዚያ በኋላ ሃያ አምስት ዓመት ኖራለች፤ አብዛኛውን በማስተማር። በ1947 በሳንታ ባርባራ ሙዚክ አካዳሚ ኦፍ ዘ ዌስት ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ናት። ትምህርቷ በሕዝብ ፊት ነው፤ ተማሪው ይዘፍናል፣ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰማለች፣ ከዚያ ተነሥታ ያንኑ ታሳያለች፤ ድምጿ ስለሄደ ግማሹን እየተናገረች፣ ግማሹን እያንጎራጎረች። ስለ ጉሮሮና ስለ ትንፋሽ አታስተምርም ነበር። ያንን ሌላ ሰው ያስተምራችሁ ትላለች። በእውነቱ ከእሷ ትንፋሽ መማር አደጋ ነው።

የዋህ መምህር አልነበረችም። ማሪሊን ሆርን፣ በኋላ ከዓለም ታላላቅ ዘፋኞች አንዷ የሆነችው፣ ጀርመንኛዋ በሰው ፊት መተቸቱ እንዴት እንዳቆሰላት ጽፋለች። በሌላ በኩል ግሬስ ባምብሪ አለች። ባምብሪ የሴንት ሉዊስ ከተማ ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። በልጅነቷ በሬዲዮ ውድድር አሸንፋ ነፃ የትምህርት ዕድል ብታገኝም፣ የከተማዋ የሙዚቃ ተቋም በቀለሟ ምክንያት አልቀበልም ብሏታል። ሌማን ድምጿን ስትሰማ ወደ ሳንታ ባርባራ ይዛት ሄደች። ለአንድ ክረምት የታሰበው ትምህርት ለዓመታት ቀጠለ።

በ1961 ባይሮይት ላይ፣ ቫግነር ለራሱ ሥራዎች ባሠራው ቲያትር፣ የልጅ ልጁ ቪላንድ ቫግነር የሃያ አራት ዓመቷን ባምብሪን በ«ታንሆይዘር» ውስጥ ቬነስን እንድትጫወት መረጠ። በዚያ መድረክ ጥቁር ዘፋኝ ሲታይ የመጀመሪያው ነው። አስቀድሞ የተቃውሞ ደብዳቤ ጎርፎ ነበር፤ ጋዜጦችም «ጥቁሯ ቬነስ» እያሉ ወሬውን አራገቡት። ቪላንድ አያቱ የጻፈው ለድምፅ ቀለም እንጂ ለቆዳ ቀለም አይደለም በሚል መልስ ጸና። ትርኢቱ ሲያበቃ ተመልካቹ ለግማሽ ሰዓት አጨበጨበ፤ መጋረጃው አርባ ሁለት ጊዜ ተከፈተ። የሂትለር የክረምት መዝናኛ በነበረ አዳራሽ ውስጥ፣ ከሂትለር አገር የወጣች ሴት ያስተማረቻት ልጅ።

ሌማን በ1976 ኦገስት 26 ቀን ሳንታ ባርባራ ላይ በሰማንያ ስምንት ዓመቷ አረፈች። የተቀበረችው በቪየና ማዕከላዊ መካነ መቃብር ነው፤ በድንጋዩ ላይ ሽትራውስ ስለ እሷ የተናገረው፣ ዘፈኗ ከዋክብትን እንደነካ የሚገልጸው ቃል ተቀርጿል።

ሊሰማት የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምር? እኔ በ1935 ቪየና ላይ ከተቀዳው የ«ቫልኪሪ» የመጀመሪያ ገቢር ጀምር እለዋለሁ። ቫልተር ይመራል፣ ላውሪትስ ሜልኪዮር ዚግሙንድን ሆኖ ይዘፍናል። ሌማን የዚግሙንድን እህት ዚግሊንደን ሆና ወንድሟን ለይታ ስሙን የምታወጣለት ቦታ ላይ ሲደርስ ኖታዎቹን ይረሳቸዋል። ቀጥሎ የ1933ቱን «ሮዘንካቫሊየር»፤ ኦፔራው ሙሉ አይደለም፣ በዐሥራ ሦስት ሸክላ ላይ የተመረጡ ክፍሎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ገጽ ከአራት ደቂቃ ብዙ አይበልጥም። ሮበርት ሄገር ይመራል፤ ሶፊን የምትዘፍነው ያቺ የሃምቡርጓ ኤሊዛቤት ሹማን ናት።

በዚያ ቅጂ መጨረሻ ላይ የሶፊ አባት ወጣቶች እንዲህ ናቸው እንደ ማለት ሲል፣ ማርሻሊን ሁለት ጊዜ «አዎን» ብላ ትመልስለታለች። በጀርመንኛ ሁለት አጫጭር ቃላት ናቸው፤ ልጁን ለቅቃ የምትወጣው በእነሱ ነው። ሌማን የራሷን ሥራ ጨርሳ ከስቱዲዮው ሄዳ ስለነበር እዚያ ያለችው ሹማን ዘፈነቻቸው። እስከ ዛሬ ይህ ቅጂ በሸክላም፣ በሲዲም፣ በኢንተርኔትም ሲተላለፍ በዓለም ላይ ትልቋ ማርሻሊን የመጨረሻዋን ቃል የምትናገረው በሶፊ ድምፅ ነው፤ ያልተነገረው አድማጭም ልብ አይለውም።